ጾሙና የአባባ መርሳት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለምንይችል፦ ሐዋሳ ምቹ ትሁንልህ፤ ጤናህ እንደ ወገራ ገብስ ይመርልህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አምባ ጊዮርጊስም ብርዷን አልተወችም።

ባለፈው ወር አንድ አርብ ምን ሆነ መሰለህ? አባባ ከቅዳሴ ሲመለስ የጎረቤታችንን የአያ ታከለን በቅሎ የራሱ መስላው ተቀምጦባት መጣ። አያ ታከለ በእግሩ እያለከለከ ደርሶ፣ «ምነው አያ አምባቸው፣ ከወሰድካትስ እኔንም አፈናጥጠኝ እንጂ!» ቢለው ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

እማዬ፣ «ጾም ውሎ ነው፤ ረሃብ ነው የሚያስረሳው» አለች። አንተም በስልክ እንዲሁ ብለኸኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ? አራት ሳምንት ተከታተልኩት። ከሃያ ስምንቱ ቀን በአሥራ አራቱ አንድ ነገር ረስቷል፤ እኩሌታው ማለት ነው። የጾሙን ቀን ብቻ ለይቼ ሳይ፣ ከስምንቱ ረቡዕና አርብ በአራቱ ረስቷል፤ እሱም እኩሌታ። ጾሙ የሚያስረሳው ቢሆን ኖሮ በጾም ቀን ይብስበት ነበር። ተማሪዎቼን «አንዱን ማወቅ የሌላውን ዕድል ካልለወጠው፣ ሁለቱ አይተዋወቁም» የምላቸው ይህንኑ ነው። ጾሙ ንጹሕ ነው፣ ወንድምዓለም።

ለእማዬ ስነግራት፣ «ደግሞ ባሌን እንደ ተማሪ ትፈትኚው ጀመርሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ማማሰያውን በእጇ እንደያዘች ሽሮው አረረባት።

ለጥምቀት ና፤ ቀሐ ወንዝ ለበዓሉ አብረን እንወርዳለን። ከቻልክ ግን ጥምቀትን አትጠብቅ።

ሁሉም በያሉበት ሰላም ይሉሃል። አባባም ማን እንደሆንክ ስነግረው ደስ ብሎት፣ «ሸጋ ልጅ ነው፤ ሰላም በይልኝ» ብሏል።

እህትህ ፀደይ