ሠራሁት ያልከው መደርደሪያ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለካሊድ፣ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ዓለም፣ ጤናህ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እናታችንም እህታችን ሂባም ደህና ናቸው። እኔም ገላዬ ደህና ነው፤ የልቤን ከታች ታነበዋለህ።

ለማሽላው ማሳው ታርሶ ዝናብ እየጠበቅን ነው። ሰማዩ በየቀኑ ይጠቁርና በዞብል ተራራ በኩል አልፎን ይሄዳል። ቡሬዋ ላም ወልዳለች።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አባታችን ካረፈ በኋላ እዚሁ ቆቦ በእሱ ሱቅ የውሃ ፓምፕ መጠገን ስጀምር፣ አንተም ከዚያ የብሎን መፍቻ ቁልፉን፣ ፒንሳውን፣ መሰርሰሪያውን ስትልክልኝ፣ «የሁለታችን ነው፤ ስመጣ ጎን ለጎን እንሠራለን» ትለኝ ነበር። ዕቃው እየበዛ ሲሄድ በማዳበሪያ ከረጢት ተደባልቆ ዝገት ሊበላው ሆነ። ገበሬው ፓምፑን ይዞ ደጅ ቆሞ፣ እኔ አንዲት ቁልፍ ፍለጋ ከረጢት እገለብጣለሁ። ስለዚህ መደርደሪያ ሠራሁ። የድሮ ቤታችንን በር ነቅዬ ግድግዳው ላይ አቆምኩት። ያረጀ የመኪና የውስጥ ጎማ በቀጭኑ ቆርጬ በምስማር መታሁበትና ቁልፎቹን ከትልቅ እስከ ትንሽ ሻጥኳቸው። ባዶ የዘይት ጀሪካኖችን ጎናቸውን ቀድጄ መሳቢያ አደረግኋቸው፤ ብሎኑ ለብቻ፣ ዳዶው ለብቻ። ጠርዛቸው እጄን እንዳይቆርጠኝ በጋለ ብረት አለሰለስኩት። ሲያልቅ ደስ ብሎኝ ፎቶ አንሺ ጠርቼ አስነሳሁና ላክሁልህ። አንተም በስልክ «እጅህ ይባረክ» አልከኝ። ያቺ ቃል ብዙ ጊዜ ስታሞቀኝ ኖረች።

ባለፈው ወር አንድ የማላውቀው ሰው መጣ። ሐጂ ከማሉዲን ይባላል፤ የዋጃ እህል ነጋዴ ነው። መደርደሪያው ፊት ቆሞ አንዱን መሳቢያ ሳበና ከኪሱ ፎቶ አውጥቶ አስተያየ። እኔ የላክሁልህ ፎቶ ነበር። «ካሊድ ከመሄዱ በፊት በገዛ እጁ የሠራው ይኸ ነው?» አለኝ። ለሐጅ በመጣ ጊዜ ሱቁን ከነዕቃው እንደሸጥክለት፣ እኔንም ተቀጣሪ ጠባቂ ነው እንዳልከው አጫወተኝ። «መቼ ትለቅልኛለህ?» ሲልም ድምፁ ክፋት አልነበረውም።

ወንድም ዓለም፣ መሬቱ የከዳኝ መሰለኝ። ሱቁ በስምህ ነው፣ ዕቃውን የላክህም አንተ ነህ፤ መሸጥ ትችላለህ። ቸግሮኛል ብትለኝ ገዥ ራሴ እፈልግልህ ነበር። የእጄን ሥራ ግን ምን ብለህ የራስህ አደረግኸው? የእናትህን ልጅ ምን ብለህ ባዳ አደረግኸው? ነውርህን በሰው ፊት ላለመግለጥ ዝም ልል ነበር። «መደርደሪያውም ከሽያጩ ውስጥ ነው» ሲለኝ ግን አፌ እምቢ አለ። «ሐጂ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። ወንድሙም ነኝ» አልኩት። ሰውየው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ አቀረቀረ። «ወላሂ አላወቅሁም» አለ። መደርደሪያውን ተወልኝ፤ ተቀጥሬ እንድሠራለትም ለመነኝ። በአባቴ ሱቅ ደሞዝተኛ መሆን አልሆንልህ አለኝና እንቢ አልኩ።

ዕቃህን አንድም ሳላስቀር አስረከብኩ። መደርደሪያውን ፈታትቼ በጋሪ ሮቢት ከተማ ወሰድኩት። ካሳ የሚባል ጎሚስታ ከዳሱ ጥግ ሰጠኝ። አሁን ከአንድ መዶሻና በውሰት ካገኘኋቸው ጥቂት ቁልፎች በቀር የሚሰቀልበት የለም። ሆኖም ገበሬዎቹ ፈልገው እያገኙኝ ነው። ትናንት አንዱ ፓምፑን በአህያ ጭኖ ከቆቦ ድረስ መጣና «አንተን እንጂ ሱቁን መች አወቅሁት» አለኝ። ዞር ብዬ አለቀስኩ።

እናታችን ከደጅ ስለማትወጣ አልሰማችም። ሮቢት ሥራው ይሻላል ብዬ ዋሽቻታለሁ። እውነቱን አንተ ንገራት፣ በገዛ አፍህ። እኔ ከዚህ ሌላ ካንተ የምፈልገው የለኝም።

ሂባ ትናፍቀኛለህ ብላሃለች፤ ልጇ ጥርስ አብቅሏል። ጎረቤቶቻችን ጋሽ ደምሴና እትዬ ትርንጎ እንደምን ሰነበተ ይሉሃል። እናታችን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት፤ ማንበብ አለመቻሏ ዛሬ ጠቀመኝ። ምርቃቷን እንዳለችው ልጻፍልህ፦ «ካሊዴ፣ ለታናሽህ የእንጀራ በር የከፈትህለት ልጄ፣ አላህ ላንተም የሪዝቅ በሩን ይክፈትልህ።» አሜን በል አለችኝ። አልኩ።

ወንድምህ ታሂር
ቆቦ፣ ግንቦት 1996 ዓ.ም.