ምን ይቅደም ብለው ሲጠይቁ የኖሩት የአቶ ዓምደሚካኤል ፍሥሐ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዓምደሚካኤል ፍሥሐ ከአባታቸው ከአቶ ፍሥሐ ወርቁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሠርክ ዓለሙ በ1928 ዓ.ም. ወሎ፣ ወረኢሉ ተወለዱ። ደሴ ተምረው በ1951 አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የበጀት ሠራተኛ ሆኑ። በ1956 ወይዘሮ ለተንኪኤል ዑቕባዝጊን በተክሊል አግብተው ሠናይትን ወለዱ።

በ1969 መንግሥት ገንዘቡን በምን ላይ ቢያውል ሕዝቡ እንደሚሻ ጠይቀው እንዲመጡ ወደ ትውልድ አገራቸው ተላኩ። በበቅሎ ዞረው ጠየቁ። ገበሬው አስቀድሞ ውሃ፣ ቀጥሎ ክሊኒክ እንዲሠራለት ተናገረ። አለቃቸው ግን ሕዝቡ ጦሩን አስቀድሟል ብለው እንዲጽፉ አዘዟቸው። ያልሰማሁትን አልጽፍም በማለታቸው ሰባት ወር ታሰሩ። ውሃውም ክሊኒኩም ሳይሠራ ቀረ።

በ1971 በሞያሌ አድርገው ናይሮቢ ገቡ፤ ባለቤታቸውና ልጃቸውም ተከተሏቸው። ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር በአንድ የጅምላ ሱቅ ጸሐፊ ሆነው ሠሩ። ወገን ሲሞት ሬሳ የሚያነሣ ይታጣ ነበርና በ1976 እድራችንን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። በ1978 ከመዋጮው ግማሹ ለሕክምና ይዋል የሚል ሐሳብ አነሡ። እንደ ልማዳቸው ስድሳ ሦስቱንም አባላት ቤት ለቤት ዞረው ጠየቁ። ሃምሳ አንዳችን ለቀብር ብቻ ይሁን አልን። በሰው አገር ያለ አልቃሽ መቀበር ከሕመም ይልቅ ያስፈራን ነበር። እሳቸው ቅር እያላቸው ውጤቱን አንዳች ሳይጨምሩ አነበቡ፤ ደንቡንም በገዛ እጃቸው ጻፉት።

በ1980 ኩላሊታቸው ታመመ። ለእጥበት የሚከፈል ጠፋ። ወይዘሮ ለተንኪኤል የእድሩን ደጅ ጠኑ። የእድሩ ዳኛ አቶ ኑሬ አቶ ዓምደሚካኤልን ለእርስዎ ብቻ ደንቡን እንለፈው ቢሏቸው፣ የሰውን ቃል ለራሴ ስል ከለወጥኩማ ያን ጊዜ ምን ብዬ ታሰርኩ ብለው መለሷቸው። ደንቡን ተሰብስበን መለወጥ እንችል ነበር። ስብሰባ የጠራ ግን የለም። ይህን የምንጽፈው ለወቀሳ አይደለም ብንል ውሸት ይሆናል።

አቶ ዓምደሚካኤል ጥር 19 ቀን 1981 ዓ.ም. በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዛሬ የተወለወለ ሣጥን፣ ሁለት አውቶቡስ፣ ድንኳንና ብዙ አልቃሽ አላቸው። ሁሉም የተደረገው እሳቸው በጻፉት ደንብ መሠረት ነው፤ አንዱም አልጎደለም።

ባለቤታቸውንና ልጃቸውን እግዚአብሔር ያጽናልን። ሳይጠየቅ የሚያስፈልገንን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ እኛንም ይቅር ይበለን።