የሀክስዌል ጓዝ

ለውድ እህቴ ለሙሪየል፣

የኒውዚላንድ ፀሐይ እንዴት ይዞሻል? እኛ ከዝናቡና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን።

ለቅዳሜና እሁድ ከባሌ ከክሊፈርድ ጋር ሀክስዌል ልሄድ ነው። ያቺ በየወሩ ብቻውን እየሄደ ከጓደኞቹ ጋር ለመዝናኛ በሚነዱት አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ላይ ከሰል የሚማግድባት ትንሽ ከተማ ናት። "እዚያ ጭስ ነው፣ ደግሞም ይበርድሻል" አለኝ።

"አንተን ካልበረደህ እኔንም አይበርደኝም!" አልኩት።

የምናድረው እሱ ሁልጊዜ የሚያርፍበት፣ ሚስዝ ፔንሮዝ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው። "ቁርስ ምን ትሠራለች?" ስለው "እንጃ፣ አላስተዋልኩም" አለ። እኔ እንቁላሉን ትንሽ አብዝቼ ካበሰልኩበት እስከ ማታ ያነሳዋል!

አብረውት ከሰል የሚማግዱት የጓደኞቹ ሚስቶች የባሎቻቸውን አንገትጌ ጥቀርሻ ሲፈትጉ ሳሙና አለቀብን ይላሉ። የእኔው ግን እሁድ ማታ ሲመለስ ሸሚዙ ጸዐዳ ነው፤ እጅጌው ተተኩሶ ቀጥ ያለ መስመር ይዟል። እኔ ደግሞ እጅጌ ላይ መስመር አውጥቼ አላውቅም።

ጓዙን ሸክፌያለሁ። ነጩን ሸሚዙን አስገብቼለታለሁ። ካውያ አልያዝኩም፤ እዚያ የሚጠፋ አይመስለኝም።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ባልሽንም ሰላም በይልኝ። ለመሆኑ አሁንም ሸሚዙን የምታጥቢለት አንቺ ነሽ?

ናፋቂሽ ሂላሪ