አሌክሳንድሪያ ያለው አሮጌ ሳሎን

ኦገስት 26

ገበያ የቀዘቀዘበት ቀን። ሲልቨር ስፕሪንግ በሙሉ ጸጉሩን መሠራት የተወ ይመስላል። የቤዚ ወንበር ባዶውን ነው። «ትንሽ ጉዳይ አለብኝ፣ ሲያልቅ እነግርሻለሁ» ብላ ከጠፋች ወር አለፋት። ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተን ጉዳይዋን ትደብቀኛለች? እሺ...

ጸጉሬ ተንጨባሯል። ከሷ ሌላ ነክቶት አያውቅም። የሷንም ከኔ ሌላ።

ኦገስት 29

ሂክማ፣ የመብራት ሠራተኛው የፉአድ ሚስት፣ ልትተኮስ መጣች። ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆና፣ «ፉአድ የቤዚን ቤት መብራት እየዘረጋ ነው፤ አልነገረችሽም?»

የምን ቤት?

«እዚሁ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አሮጌ ሳሎን ተከራየች። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል አለኝ ባሌ። መስታወቱ ግድግዳውን ሙሉ! ረጃጅም ወንበሮች!»

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። የጸጉር ሳሎን... ከኔ ተደብቃ!

ኦገስት 30

ቀናሁ። ከራሴ ምን እደብቃለሁ? ተቃጠልኩ። ግድግዳ ሙሉ መስታወት! የኔ ጥጉ ተሰንጥቆ በፕላስተር ይዤዋለሁ። ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ሰው ሁሉ ሹሩባ በሚሠራበት ሰሞን! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ሴፕቴምበር 2

ቤዚ ኮል አደረገች። አላነሳሁም። ቴክስት ላከች፦ «የምስርዬ፣ እሑድ እከፍታለሁ። ብትቀሪ አለቅሽም!»

ሂክማን ደግሞ አዋራኋት። «ድሮ ወንዶች ብቻ ነበር የሚገቡበት አሉ። ጋሪ ነጂዎች፣ ፈረሳቸውን በር ላይ አስረው።»

የወንዶች ጸጉር ቤት ነበራ! ታሪካዊ ነው ብላ ዋጋ ልትጨምርበት።

ሴፕቴምበር 4

ወንበሯን ለሳራ ሰጠሁ። የዊተን ሰፈር ልጅ ናት፣ እጇ ፈጣን። የቤዚን ማበጠሪያና የጸጉር መጠቅለያ ቢጎዲን በፌስታል ቋጠርኩ። ደስ አለኝ? እንጃ።

ሴፕቴምበር 7

ጸጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ ሄድኩ። ለማየት ብቻ።

መታጠቢያ የለም። ካስክ የለም። ረጅም የእንጨት ባንኮኒ፣ ከኋላው ያ መስታወት፣ ጠርሙስ በጠርሙስ። ጥብስ ይሸታል።

«ጸጉር የት ነው የምትሠሪው?» አልኳት ቤዚን።

«የምን ጸጉር?»

«ሳሎን አይደል እንዴ?»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዛ ባንኮኒውን ይዛ ሳቀች። «ሳሉን! ሳሉን ነው የምስርዬ፣ የድሮ መጠጥ ቤት! እኔ ምግብ ቤት አደረግኩት!»

እየሳቀች አስጎበኘችኝ። ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ጋሪ ነጂዎች ለመንገዳቸው የሚጠጡበት ነበር አሉ። የባንኮኒው ጠርዝ ጎድጉዷል፤ ክርናቸው ነው ያጎደጎደው። ድሮ እዚህ አገር መጠጥ በሕግ ሲከለከል ጫማ ቤት ሆነ፣ ከዛ መጋዘን፣ ከዛ ተዘግቶ ከረመ።

«ሳያልቅ ካወራሁት ይበላሽብኛል ብዬ ነው» አለች። ሻሼን ገለጥ አድርጋ አየች። «ጉድ! ሰኞ እዘጋለሁ። ሰኞ ሰኞ አንቺ ጋ ወንበሬ ላይ ነኝ። ነገ መጥቼ እሠራሻለሁ። ምነው፣ ባንቺ ላይ ጸጉር ቤት የምከፍት መሰለሽ?»

ስለ ሳራ ልነግራት ስል ሰው ጠራት። ሄደች።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። እኔ መልቀሙንም አልቻልኩበት።

ሴፕቴምበር 8

መጣች። ሳራን ወንበሯ ጋ አየች። ፌስታሉን አየች። ከዛ እኔን።

«አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ወደ ያዝኩት ደንበኛ ጸጉር ዞርኩ።

ሄዳ እንደ ደንበኛ ሳራ ፊት ተቀመጠች። «ሹሩባ ሥሪኝ የኔ ቆንጆ፣ ለእንቁጣጣሽ።» ያ ስምንት ዓመት በኔ እጅ ብቻ የተጎነጎነ ጸጉር! ሳራ ትጎነጉናለች፣ እሷ የጋሪ ነጂዎቹን ታሪክ ታወራላታለች፣ ይሳሳቃሉ። እኔ የሰው ጸጉር ይዤ በተሰነጠቀው መስታወት አያቸዋለሁ፤ ሻሼ አሁንም ራሴ ላይ ነው። በሳሎኑ እንዲህ አልቀናሁም።

ስትወጣ ፌስታሏን አነሳች።

«ደህና ዋይ፣ የምስራች።»

የምስራች... ስሜን ሳታቆላምጥ ጠርታኝ አታውቅም።