ንጹሕ ሰው የማይጥል ድልድይ

ግንቦት ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.፣ ከነቀምት ወደ አርጆ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው መንደራችን

ለክቡር ፊታውራሪ መሸሻ፣ የምክትል ወረዳችን ገዢ

በቅድሚያ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ በተለይም የሁለቱን እግሮችዎን ደኅንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ አገልጋይዎ ከጎጃም ተነሥቼ የዓባይን በረሃ በእግሬ ያቋረጥሁ፣ ለቅኔ ትምህርት ስል ውሻ የነከሰኝ፣ የየኔታን አለንጋ ሰባት ዓመት ቆሜ የተቀበልሁ፣ በጠላት ዘመንም ሥር ቆፍሬ የበላሁ ስሆን፣ ለማንም አቤት ብዬ አላውቅም። የዛሬው አቤቱታዬም ስለ ራሴ አይደለም።

ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ድርቤ ወደ አርጆ ገበያ ስትሄድ፣ የወንዛችን ድልድይ ሳንቃ ከሥሯ ተሰብሮ ወደቀችና እግሯ ተሰበረ። ክረምቱ ሳይገባ ድልድዩ እንዲጠገን ብታመለክት፣ ክቡርነትዎ እግዚአብሔር ንጹሕ ሰው አይጥልምና አስቀድማ ኃጢአቷን ትመርምር ሲሉ ወሰኑ። ስለዚህ ጥልቅ ፍርድ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

፩ኛ/ በሌላው አገር ድልድይ የሚጠገነው በአናጢ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ በንስሐ መሆኑን ስላስተማሩን።

፪ኛ/ ጎረቤቶቿ በፍርድዎ ተጽናንተው፣ እኛስ ማንንም አልበደልንም እያሉ በቀረው የበሰበሰ ሳንቃ ላይ ያለ ሥጋት ስለሚመላለሱ። ምን አድርገሽ ነው ብለው ሲጠይቋትም ድርቤ፣ ሳንቃውን ረገጥሁት፣ እያለች ስለምትመልስ ግትርነቷን ታዝበዋል። እኔም ከእነርሱ አልሻልም፤ መውደቋን እንደ ሰማሁ መጀመሪያ ያሰብሁት ማንን በድላ ይሆን የሚለውን ነበር። የየኔታንም አለንጋ ጥፋት ቢኖርብኝ ነው ብዬ ስቀበለው ይቀልለኝ ስለ ነበር፣ ይህን መድኃኒት ከክቡርነትዎ በፊት አውቀዋለሁ። ይሁን እንጂ የኔታ ሊሞቱ ሲሉ አስጠርተውኝ፣ ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበር ከጎኔ የሚቀመጠውን እሸቱን ሊመቱ ሲሉ እኔን ይመቱኝ እንደ ነበር ነገሩኝ።

፫ኛ/ ክቡርነትዎ እንዲህ ንጹሕ ሆነው ሳለ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከድልድዩ አፋፍ በቅሎዎን መልሰው፣ በመልካው በኩል ለመሻገር ግማሽ ቀን ስለ ዞሩ። ትሕትናዎ ሁላችንንም አስደንቋል።

በሄዱበት ሁሉ መርገጫ አይጡ እያልሁ፣ ጉልበቴ እስከ ፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

መሪጌታ ሀብተጊዮርጊስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሬሳ ሣጥኔ ያስቀመጥኋቸውን ስድስት የዋንዛ ሳንቃዎች ለድልድዩ መጠገኛ እንዲሆኑ ለወይዘሮ ድርቤ ሰጥቻለሁ፤ አናጢው ጨመዳ ሰኞ በድልድዩ ላይ በምስማር ይመታቸዋል። የሰጠኋት ይገባታል ብዬ መርምሬ ሳይሆን እግሯ ስለ ተሰበረ ነው። እኔ በሰሌን እቀበራለሁ። ክቡርነትዎም ኃጢአትዎን ሳይቆጥሩ ይሻገሩበት።