የጠፉት የኅዳግ ማስታወሻዎች

ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ አውሮራ

ዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ። የአርባ ዓመት ወዳጄ መሪጌታ ሀብቴ እዚሁ አቅራቢያ ካለው ሞንትቤሎ ደውሎ፣ «ማስታወሻዎቼ አላስቸገሩህም?» ሲለኝ፣ «ደኅና ናቸው» አልሁት። ደኅና አይደሉም። የሉም።

ባለፈው ሳምንት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት በሚሠራው ኮምፒውተሬ ላይ የምጽፍበት ፕሮግራም ታደሰና መልኩ ተለወጠብኝ፤ የመጽሐፌን ረቂቅ አንድ ቀን በአዲሱ ጽፌ አስቀመጥሁ፣ አልተመቸኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ብራና ሳመሳክር፣ የቀደመው ቅጂ ይታመናል ስል ኖሬአለሁ፤ በዚያው ልማድ የፕሮግራሙን አሮጌ ቅጂ ፈልጌ መለስሁት። ረቂቁን እንደገና ከፍቼ ሁለት ቃል አረምሁ፤ አስቀመጥሁ። መሪጌታ ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየመጣ በዚሁ ኮምፒውተር በረቂቁ ኅዳግ ያሰፈረው ሁሉ ጠፋ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

አዲሱን ፕሮግራም መልሼ ጫንሁ። ማስታወሻዎቹ አልተመለሱም። እንደገና ጻፍልኝ እንዳልለው፣ ከገና ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል።

የማስታውሳቸውን በወረቀት ለቀምሁ። አሥራ አንድ። ከመቶ በላይ ነበሩ። አንዱ፣ «ይህን የጻፍኸው ርቦህ ነው? አንቀጹ ቸኩሏል» ይላል።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ልጄ ሐና እንግልውድ ካለው ሥራዋ ስትመለስ ጎራ አለች። ነገርኋት።

«አባባ፣ ዳውንግሬድ አደረጉት?»

«መለስሁት።»

«ያው ነው። በአዲሱ የተቀመጠውን ፋይል አሮጌው ሙሉውን ማንበብ አይችልም፤ ያላወቀውን ጥሎ ሴቭ ያደርጋል። ሴኩሪቲውስ? ሰርጎ ገብ የሚገባበትን፣ የተደፈነውን ቀዳዳ መልሰው ከፈቱ እኮ። ፕሮግራሙ አላስጠነቀቀዎትም?»

አስጠንቅቆኛል። ረጅም ጽሑፍ ዘርግቶ «ይቀጥል?» ሲለኝ፣ ሳላነብ እሺ አልሁ።

«ለተማሪዎችዎ ሳታነቡ አትፈርሙ ይሉ አልነበር?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከገና በፊት በፍላሽ ያኖረችው ቅጂ ተገኘ። ግማሽ ያህሉ ማስታወሻ አለበት። የሌሉት እጁ እየተንቀጠቀጠ የጻፋቸው ናቸው።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ሁለት ጊዜ ደወልሁለት፤ ድምፁን ስሰማ ስለ ብርዱ አወራሁ። ስለዚህም ደብዳቤ ጻፍሁለት። በኮምፒውተሩ አላሳበብሁም። «ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ፤ ደኅና ናቸው ያልሁህም ውሸት ነው። ከፈቀድህ፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ በአውቶቡስ ልምጣ፤ አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍ» አልሁት። በቃሌ የያዝኋቸውን አያይዣለሁ፤ የረሃቡንም ጭምር።

ይስቅ ይሁን ይቀየም አላውቅም። ጾሙ ሳይገባ እንዲደርሰው ፖስታውን አሽጌ ልኬዋለሁ።