የሁዳዴ ሽምብራ

ረቡዕ፣ መጋቢት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

አብራኝ የምትኖረው እህቴ አስካለ በጾም አሳብባ ፌረቴን፣ ያቺን ሸለምጥማጥ የምትመስል የቤት እንስሳዬን፣ አሳመመችብኝ። እኔ ሳንታ ሞኒካ ልጄ ዘንድ ሁለት ቀን ሳድር፣ ያስቀመጥኩላትን ጥሬ ዶሮ አውጥታ ጥላ በዘይት የታሸ ሽምብራ ስታበላት ሰንብታለች።

"በሁዳዴ ሥጋ እዚህ ቤት አይገባም። ሸለምጥማጥህም ትጹም፣ ጋሼ" አለችኝ ትናንት ጠዋት ስመለስ፣ እየሳቀች።

ይህች እንስሳ ከሥጋ በቀር የሚስማማት ነገር የለም። አንጀቷ አጭር ነው፤ የበላችው በአራት ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ይህን ከመጽሐፍ ብቻዬን ተምሬ ለአስካለ ከጾሙ በፊት ነግሬያታለሁ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምንም አልወጣትም። ሆዷ ጠጥሯል። ውሃ ስሰጣት ያስመልሳታል። አሁን ጭኔ ላይ ተኝታ ጥርሷን ታፋጫለች፤ ሕመም ሲጠናባቸው እንደዚያ ያደርጋሉ።

ፌረት ማሳደግ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክልክል ስለሆነ ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች አናይም አሉኝ። ዌስትቼስተር ያለው ሦስተኛው በዘጠኝ ሰዓት አምጣት ብሏል። "አንጀቷ ተዘግቶ ከሆነ ግን ብዙ ተስፋ አታድርግ" አለኝ።

እኔ መኪና መንዳት ትቻለሁ። አስካለ ሳቋን ትታ ቁልፉን ይዛ ደጅ ቆማለች።

"እኔ ድራይቭ ላድርግ፣ ጋሼ። ይቅር በለኝ" ትላለች።

አብሬያት እሄዳለሁ። ፌረቷ ብትድንም ባትድንም ግን ስለ ሽምብራውም ስለ ይቅርታውም ከአስካለ ጋር ዳግመኛ አንድ ቃል አልነጋገርም።